«ሩቡን ፌሮ ያተርፋሉ» ተብዬ የገዛሁት ካፕለር

ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ፣ በተለይ ጂ ፕላስ ሁለትና ሦስት የጀመራችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ካፕለር እንዳትገዙ።

ለማያውቀው፣ ካፕለር ማለት ሁለት ፌሮ ጫፍ ለጫፍ የሚያጋጥም፣ ውስጡ ጥርስ ያለው አጭር የብረት ቱቦ ነው። በተለመደው አሠራር ፌሮዎቹ ጎን ለጎን ተደራርበው በሽቦ ይታሰራሉ። ፌራዮዎች፣ ማለትም ፌሮ የሚያስሩት ባለሙያዎች፣ ኦቨርላፕ ይሉታል። ካፕለር ያንን የተደራረበ ብረት ያስቀራል። ይሄ እውነት ነው። እኔን የበላኝ ሂሳቡ ነው።

ሻጩ ሳይቱ ድረስ መጣ። የሚያብረቀርቅ ናሙና እጄ ላይ አስቀመጠና በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ ጻፈልኝ። «እናቴ፣ አንድ ቤርጋ፣ አንዱ ሙሉ ፌሮ ማለት ነው፣ 12 ሜትር ነው። የእርስዎ ፎቅ 3 ሜትር። ኦቨርላፑ 80 ሳንቲ ሲጨመር 3 ሜትር ከ80 ይሆናል፤ ከአንድ ቤርጋ የሚወጣው 3 ቁራጭ ብቻ ነው። በካፕለር 4 ይወጣል። ሩቡን ፌሮ አተረፉ ማለት አይደል?» ፌራዮዬም አጠገቡ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። የሁለቱን ዝምድና የሰማሁት በኋላ ነው።

ያለው ሁሉ ልክ ነበር፤ ግን ለኮለን፣ ለምሰሶው ማለት ነው፣ ቋሚ ፌሮ ብቻ። የወለሉ ሶሌታ፣ አግዳሚው ቢም፣ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያቅፈው ስታፋ፣ መሠረቱ በዚያ ሂሳብ ውስጥ የለም። የቤቴ ፌሮ አብዛኛው ደግሞ እዚያ ነው ያለው። እኔ ግን «ሩብ» ስባል የሰማሁት የጠቅላላውን ፌሮ ሩብ ነው። የእቁብ ብር በእጁ የያዘ ሰው እንዴት እንደሚሰማ ታውቃላችሁ።

ኋላ ተቀምጬ በኪሎ አሰላሁት። የፌሮ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ብሩን ትቼ በኪሎ ማሰብ ይሻላል። 12 ኮለን አለኝ፤ እያንዳንዱ ባለ 16 (ውፍረቱ 16 ሚሊ) ፌሮ 8 ፍሬ። በአንድ ፎቅ 96 መጋጠሚያ ማለት ነው። በኦቨርላፕ 32 ቤርጋ ይፈልጋል፣ በካፕለር 24። ልዩነቱ 8 ቤርጋ ነው። ባለ 16 ፌሮ በሜትር 1.58 ኪሎ ስለሚመዝን የተረፈው 152 ኪሎ ግድም ይሆናል። አሁን ወጪውን እዩ። የካፕለሩና የሁለቱ ጫፍ ጥርስ ማውጫ ተደምሮ አንዱ መጋጠሚያ የ2 ኪሎ ፌሮ ዋጋ ወጣበት። 96 በ2፣ 192 ኪሎ። ቆጠብኩ ብዬ በየፎቁ 40 ኪሎ ፌሮ ልጥል ነበር፤ ምርመራውና የሠራተኛው ሳይቆጠር።

ቀጭን ፌሮ ላይ ነው ይሄ የሚሆነው። ኦቨርላፕ የሚለካው በፌሮው ውፍረት ነው፤ ለእኔ የታዘዘው የውፍረቱ 50 እጥፍ ነበር። በዚሁ ልክ ባለ 16 ላይ የሚደራረበው 1.26 ኪሎ ነው፤ ባለ 32 ላይ ግን 10 ኪሎ ይደርሳል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ብረቱ 8 እጥፍ ሆነ። ረጃጅም ሕንፃዎች ላይ ካፕለር የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ኮለኑ ውስጥ ፌሮ ሲጨናነቅ አርማታው በደንብ አይገባም፤ እዚያም ይጠቅማል። ለእኔ ዓይነቱ ቤት፣ ባለ 12 እና ባለ 14 ላይማ፣ በጭራሽ።

ገንዘቡ ቢቀር ምንም አልነበር። አንድ ጠዋት ከመሰላል ሥር ቆሜ አንዱን ካፕለር በእጄ ያዝ አድርጌ ጠመዘዝኩት። ዞረ። እንደ ውሃ ጠርሙስ ክዳን። ጠጋ ብዬ ሳይ በአንድ በኩል ፌሮው ሙሉ ገብቷል፣ በሌላው በኩል ስድስት ጥርስ ውጭ ቀርቷል። ፌሮው በመቁረጫ ተጨፍልቆ ስለተቆረጠ ጫፉ ጠማማ ነው። ጥርሱ የወጣው ደግሞ ሰፈር ውስጥ ካለ ቶርኖ ቤት ነው፤ የፌሮውን ሥጋ በልቶ አቅጥኖታል። ለካ ጫፉ በመጋዝ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጦ፣ ጥርሱ በራሱ ማሽን ወጥቶ፣ ካፕለሩም የማጥበቂያ ልኬት ባለው ቁልፍ መጥበቅ ነበረበት።

ኢንጂነሩን ጠራሁ። ሦስት መጋጠሚያ አስቆርጦ ላብራቶሪ ወሰደ። ደህና መጋጠሚያ ሲጎተት ፌሮው ከካፕለሩ ርቆ ሌላ ቦታ ይበጠሳል። የእኔ ሁለቱ ከጥርሳቸው ሾልከው ወጡ፤ ሦስተኛው ጥርሱ ሥር ላይ ቀጭ አለ። ፌራዮው «እትዬ፣ ብየዳ እናድርግበት» አለኝ። ኢንጂነሩ ቀና ብሎ እንኳን አላየውም። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ ሌሊት አልጋችንን ሲያወዛውዝ አዲስ አበባ የነበረ ሰው ምን እንዳስፈራኝ ይገባዋል። የአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብም ኮለን ላይ ካፕለር የሚፈቅደው በተገቢው ምርመራ ሲረጋገጥ ነው።

አራት ኮለን አርማታ ተሞልቶ ነበር። አስፈረስኳቸው። ሻጩ ጋ ስደውል «ሲገጠም እኛ አልነበርንም» አለ። ደረሰኙ ላይ ያለው «ካፕለር፣ ብዛት 96» ብቻ ነው፤ ስለ ጥርስ፣ ስለ ምርመራ አንድም ቃል የለም።

እናም ካፕለር የግድ ከሆነባችሁ፣ ከክፍያ በፊት ሻጮቹ በእናንተ ፌሮ፣ በራሳቸው ማሽን ሦስት መጋጠሚያ ይሥሩና እናንተ በመረጣችሁት ላብራቶሪ ይጎተት። የቻይና ደንብ እንኳ ከየ500 መጋጠሚያ 3 ናሙና ይጎተት ይላል። ደረሰኙ ላይ «ምርመራ ካላለፈ ገንዘቡ ይመለሳል» አስጽፉ። ካልጻፉ አትግዙ። ከተገጠመ በኋላ ውጭ የቀረውን ጥርስ ቁጠሩ፤ በአንድ በኩል ከሁለት ከበለጠ አስፈቱት።

የእኔዎቹ በማዳበሪያ ታስረው ደረጃው ሥር ተቀምጠዋል። ቆራሌው ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። አልሸጥኩለትም፤ ተጠርገው ተመልሰው የሌላ ሰው ኮለን ውስጥ እንዳይገቡ ፈርቼ።