ዘጠኝ ወር በመኝታ ሚኒባስ፦ ከባሕር ዳር ዘንገና

አባዱላችንን መኝታ ካስደረግነው ዘጠኝ ወር ሆነው። መስከረም ላይ የኋላ ወንበሮቹ ወጡና አልጋ፣ የዕቃ ሣጥን፣ 60 ሊትር የሚይዝ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ቡታጋዝና ትንሽ ፍሪጅ ገቡበት፤ ጣሪያው ላይም 150 ዋት ሶላር ተሰቀለ። ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር እስካሁን 19 ሌሊት አድረንበታል፤ አብዛኛውን ዘንገና ሐይቅ ዳር።

መንገዱ በዳንግላና በአዲስ ቅዳም አድርጎ እንጅባራ ድረስ አስፋልት ነው። ፋግታ ለኮማ ላይ ግራና ቀኙ የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ ነው) ደን ይሆናል። ገበሬው ችግኙን ተክሎ አራት አምስት ዓመት ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ቆርጦ ያከስለውና መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ለዚህ ነው ከሰሉ በየመንገዱ ዳር በማዳበሪያ ተሞልቶ የሚደረደረው። እንጅባራን አልፎ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ጥቂት እንደተሄደ፣ ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ ዘንገና አለ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ ዙሪያውን በጫካ የተከበበ ክብ ሐይቅ ነው። ጧት ጉሙ ከውኃው ላይ ሲነሣ ልጆቼ ከቡልኳቸው ሳይወጡ በመስኮት ያዩታል። ለዚህ ብቻ ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ ቢሆን እንኳ አይቆጨኝም።

የመጀመሪያው ሌሊት ግን ከባድ ነበር። ቦታው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከባሕር ዳር የሄደ ሰው ብርዱን አይችለውም። መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርገን ተኛን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውኃ ፊቴ ላይ ሲንጠባጠብ ነቃሁ። የአራት ሰው ትንፋሽ ከቀዘቀዘው ላሜራ ጋር ሲገናኝ ጤዛ ይሆናል፤ ፍራሹ ከታች ርሷል፣ ጋቢያችንም እንደዚያው። ኅዳር ላይ የጎኑን ኮምፔርሳቶ ስናነሣው ፎሙ ውኃ መጥጦ፣ ብረቱ መዛግ ጀምሮ ነበር። የሠራልን ባለሙያ እንጨቱን አሳምሮ አለስልሶታል፤ አየር በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ ግን አላሰበበትም። መኪና ልታሠሩ ካሰባችሁ ከቀለሙና ከመጋረጃው በፊት ይህን ጠይቁ። እኛ ዝገቱን አስፍቀን ፀረ ዝገት አስቀባን፣ ጣሪያውንም አስበስተን በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ማራገቢያ አስገባን። አሁን ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት መስኮቶች ሁለት ጣት ያህል ከፍተን ነው የምንተኛው። ይበርዳል፤ ግን በደረቅ ቡልኮ ብርድ ይቻላል።

በዚያው በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ልጆቹ በረዳቸው፤ ፍም ላምጣላችሁ?» ብሎኝ ነበር። ከልቡ ነው ያዘነልን። አመስግኜ እንቢ አልኩት። በተዘጋ መኪና ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። የነደደው ጥርት ብሎ ፍም ቢሆንም አደጋው ያው ነው። ቡታጋዙንም ቢሆን በሩን ከፍተን እንጠቀምበታለን እንጂ ለማሞቂያ አናበራውም።

ምግብ ላይ ችግር የለብንም። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስር ይዘገያል፤ ሽሮ ግን ያው ሽሮ ነው።

ኤሌክትሪኩ ያሰብነውን ያህል አልሆነም። ባትሪያችን ተራው የአሲድ ባትሪ ነው፤ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት። ሲሰላ 1,200 ዋት ሰዓት ይመጣል፣ ግን ከግማሽ በታች ደጋግመው ካወረዱት ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ በእጃችን ያለው 600 ነው። ፍሪጁ ብቻውን ይህን በአንድ ቀንና ሌሊት ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ለጥላ ብለን ዛፍ ሥር ስንቆም ሶላሩ ምንም አይሰጥም። ጥር ላይ ፍሪጁን አውጥተን ሸጥነው፤ በዘንገና ብርድ ወተት ውጭ ቢያድርም አይበላሽም። ባትሪው በጉዞ ላይ ከዲናሞው እንዲሞላም አስቀጠልን። ለመብራት፣ ለስልክና ለማራገቢያው ሁለት ሌሊት ያለ ሐሳብ ይበቃናል።

ያላለቀው የጣሪያው ቀዳዳ ነው። ሰኔ ሲገባ በማራገቢያው ዙሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ሲሊኮን ሁለት ጊዜ አስደረግንበት፤ ያለፈው ሳምንት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ አላሳለፈም። ቢሆንም ባለቤቴ የልጆቹን ራስጌ ወደ በሩ አዙራዋለች፣ ከቀዳዳው ሥርም ሳፋ አኑራለች። ክረምቱ እስኪወጣ ከዚያ አይነሣም።