የእናቴን ጉልበት ለደገፉልን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚሠሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን በአደባባይ ለማመስገን እና ወላጆቻችሁ በጉልበት ሕመም ለሚሠቃዩባችሁ ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስለለመኑኝ ቃላቸውን አከብራለሁ።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷ ላይ ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ማለትም በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ልም አጥንት እየሳሳ የሚሄድበት ሕመም እንዳለባት ከታወቀ አራት ዓመት አልፏል። በዐቢይ ጾም መስገዱ ቀርቶ ቅዳሴውን ቆማ መጨረስ ሲያቅታት ያላማከርኩት ሰው አልነበረም። ስለ ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ ስለሚችል ሕዋስ፣ የሰማነውም በዚህ መሐል ነው። አንድ ክሊኒክ በሆቴል አዳራሽ ምሳ ጋብዞን፣ ከእትብት የተገኘ ሕዋስ በመርፌ ሲሰጥ ያለቀው ልም አጥንት መልሶ እንደሚበቅል በትልቅ ስክሪን አሳየን። ምሳው በነጻ ነበር፤ መርፌው ግን 5,000 ዶላር ሲሆን ኢንሹራንስም አይሸፍነውም። ከእህቶቼ ጋር አዋጥተን ከፈልን፣ ስድስት ወርም ጠበቅን፤ ጉልበቷ ግን እንደነበረ ነው። ስንደውል ሁለተኛ መርፌ እንደሚያስፈልጋት ነገሩን፤ ገንዘብ እንደሌለን ሲያውቁ ስልክ ማንሣቱንም ተዉት። ከገንዘቡ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ፣ በዚያ አዳራሽ «ይበቅላል» የሚለውን ቃል ለእናቴ ያስተረጎምኩላት እኔው መሆኔ ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ሕመም የፈቀደው አንድም የስቴም ሴል ምርት እንደሌለ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር የሆነው የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለጉልበትና ለዳሌ ኦስቲዮአርትራይተስ እንዳይሰጥ አጥብቆ እንደመከረ ያወቅሁት ከከፈልን በኋላ ነው። ምርምሩ ቢሳካ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ፤ ገና በምርምር ላይ ያለን ነገር እንዳለቀለት መድኃኒት አድርጎ ለአንዲት አሮጊት መሸጥን ግን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

ወደ እኚህ ባለሙያ የሄድነው ተስፋ ቆርጠን ነው። ገና በሩን ስንገባ ፋይሉን ሳይከፍቱ የእናቴን አረማመድ ቆመው ተመለከቱ፤ ከዚያም «እማማ፣ ምርኩዝዎን የያዙት በሚያመው እግር በኩል ነው፤ እስቲ በግራ እጅዎ ይያዙልኝ» አሏት። በግራዋ ይዛ ጥቂት ስትራመድ ፊቷ ላይ ያየሁትን መግለጽ ይከብደኛል። አራት ዓመት ሙሉ በምርኩዝ ስትሄድ ይህን የነገራት አንድ ሰው አልነበረም! ደረጃ ስትወጣ ደኅነኛውን እግር፣ ስትወርድ ደግሞ የሚያመውን እንድታስቀድም ያሳዩዋትም በዚያው ቀን ነው። እናቴ ስለ መርፌው አፍራ ስትነግራቸው አልሳቁባትም፣ አልገሠጿትምም፤ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀምጠው ምን ሊደረግ እንደሚችልና ምን እንደማይቻል በአማርኛ አስረዷት። በዚህ አገር ከሐኪም ጋር ስትነጋገር ለመጀመሪያ ጊዜ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም፤ እኔም ዳር ይዤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ወራት በሳምንት ሁለት ጊዜ እየሄድን የጭን ጡንቻዋን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሠራች። የእንቅስቃሴዎቹን ስም እኔ አልያዝኩትም፤ ቤት ውስጥ ግን ቡና እስኪፈላ ድረስ ሳትደገፍ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ልማዷ ሆኗል። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፣ ልም አጥንቱም አልበቀለም፤ ይበቅላል ያላትም የለም። ሆኖም ባለፈው እሑድ ቅዳሴውን ከአንድ ጊዜ በላይ ሳትቀመጥ አስቀድሳ ተመልሳለች።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ገንዘባችሁን ለተስፋ ነጋዴ ከመስጠታችሁ በፊት መጀመሪያ እንዲህ ያለ ባለሙያ ፈልጉ። በአካባቢው ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ምርኩዙን ቤት እንዳትተዉት፤ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።