በስዊት ሆም 3ዲ የእማዬን ቤት ስስል፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን ለመጻፍ ሆን ብዬ ቆየሁ። የቤት ዲዛይን ሶፍትዌር በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ያስደስታል። ግድግዳ ትስላላችሁ፣ ሶፋ ታስቀምጣላችሁ፣ በ3ዲ ስታዩት ደግሞ "አርክቴክት ሆንኩ እንዴ?" ማለት ይመጣል። እኔም ብዬ ነበር። አሁን ስምንት ወር አልፎኛል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ያለው ቤት ብሎኬቱ ከመስኮት በላይ ወጥቷል። ስለዚህ ስክሪን ላይ የሳልኩትን መሬት ላይ ከቆመው ጋር ሜትር ይዤ ማመሳከር ችያለሁ።

ቤቱ የእናቴ ነው። አሮጌው የጭቃ ቤት ፈርሶ በቦታው የሚሠራ። ቦታው 10 በ20 ሜትር ነው፣ የግቢው በር ወደ ምሥራቅ። ፎቅ የለውም፤ ሦስት መኝታ፣ ሳሎን፣ ማድ ቤት፣ ከኋላ ሰርቪስ። እኔ አዲስ አበባ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ግንባታ የማውቀው የስሚንቶ ዋጋ መጨመሩን ብቻ ነበር።

ስዊት ሆም 3ዲን የመረጥኩት ነፃ ስለሆነ ነው፣ አልዋሽም። ኢማኑኤል ፒዩባሬ የተባለ ፈረንሳዊ ፕሮግራመር የሠራው ነው። ከራሱ ድረ ገጽ ሲወርድ አይከፈልበትም። ከአፕ ስቶርና ከማይክሮሶፍት ስቶር ሲወሰድ ግን ዋጋ አለው፣ ተጨማሪ የዕቃ ሞዴሎችም አብረውት ይመጣሉ። አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ለእኔ ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር። ሜኑውን በእንግሊዝኛ ነው የተጠቀምኩት። የክፍሎቹን ስም ግን "ማድ ቤት"፣ "የእማዬ መኝታ" እያልኩ በአማርኛ ጻፍኩ፣ ያለችግር ተቀበለኝ።

አሁን ከሁሉ የቆጨኝን ላስቀድም። የግድግዳ ውፍረት።

ፕሮግራሙ እንደተከፈተ አዲስ ግድግዳ ሲሳል ውፍረቱ 7 ሴንቲ ተኩል ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ በብሎኬት ቤት ውስጥ የለም። እኛ ጋ የውጪው 20 ሴንቲ ብሎኬት ነው፣ የውስጡ 15። በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ሴንቲ ልስን ሲጨመር የውጪው 24፣ የውስጡ 19 ይሆናል። ሌላም ነገር አለ። ፕሮግራሙ ግድግዳን የሚስለው መሃል ለመሃል ነው። 1 ሜትር ከ50 ብላችሁ ስትስሉ ያ ልክ ከግድግዳው ወገብ እስከ ሌላው ግድግዳ ወገብ ነው እንጂ በመሃል ያለው ክፍት ቦታ አይደለም።

መታጠቢያ ቤቱን እንዲህ ነው የሳትኩት። 1.50 ብዬ ሳልኩ። በቀጭኑ ግድግዳ ውስጡ 1.42 አካባቢ ቀረ። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከግድግዳ 70 ሴንቲ ወጣ ይላል፣ የቀረው 72 ነው። በሩ 70 ስለሆነ ወደ ውስጥ ሲከፈት ለጥቂት ያልፋል። ስክሪኑ ላይ ያማረ መታጠቢያ ቤት። ከሁለት ወር በኋላ ውፍረቱን ወደ 19 ስቀይረው ውስጡ 1.31 ሆነ፤ በሩ መቀመጫውን ገጭቶ ቆመ። በዚያው ቀን ኮሪደሩም 1.20 መስሎኝ የነበረው 1.01 ሆኖ አገኘሁት። ሁለት ወር ሙሉ የለፋሁት የወረቀት ቤት ነበር። ገና ብሎኬት ስላልተደረደረ ነው የሳቅሁት።

ስለዚህ ገና ምንም ሳትስሉ ምርጫዎች (Preferences) ውስጥ ግቡና የአዲስ ግድግዳ ውፍረትና ቁመት አስተካክሉ። ቁመቱም 2.50 ሆኖ ነው የሚመጣው፤ የእናንተ ቤት ኮርኒስ ስንት ላይ እንደሚሆን ጠይቃችሁ አስገቡ። ግድግዳ ስትስሉ ደግሞ በማውስ ጎትታችሁ "ይበቃል" አትበሉ። መሳል ከጀመራችሁ በኋላ የኢንተር (Enter) ቁልፍን ስትጫኑ ርዝመቱንና ማዕዘኑን በቁጥር መጻፊያ ይከፈታል። ይህን ያወቅሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት 3.47፣ 4.03 የሚሉ ክፍሎች ነበሩኝ። ግንበኛ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር አይቼዋለሁ።

ክፍሉ በአራት ግድግዳ ከተዘጋ በኋላ የክፍል መሣሪያውን ይዛችሁ መሃሉ ላይ ሁለቴ ክሊክ ስታደርጉ ወለሉን ራሱ ሞልቶ ስፋቱን በካሬ ሜትር ይጽፋል። ካልሞላ የሆነ ጥግ ላይ ግድግዳ ከግድግዳ አልገጠመም ማለት ነው። እኔ ይሄንን እንደ ምርመራ ነው የምጠቀምበት።

ኮለንን፣ ቤቱን የሚሸከመውን የኮንክሪት ምሰሶ፣ ግን ረስቼዋለሁ። ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ኢንጂነሩ ንድፉን ሲያይ መጀመሪያ ያደረገው በእስክሪብቶ ጥግ ጥጉ ላይ ጥቁር ካሬ መሳል ነበር። 30 በ30 ኮለን ከ20 ብሎኬት ጎን ሲቆም በአንድ በኩል 10 ሴንቲ ወደ ክፍሉ ይገባል። የእማዬ መኝታ ውስጥ ለ1.80 ቁም ሳጥን ብዬ የተውኩት 1.85 ክፍተት 1.75 ሆነ። በሩን ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወርነው። አሁን ማንም ቢጠይቀኝ ካታሎጉ ውስጥ ካለው ሳጥን አንዱን 30 በ30 አድርጋችሁ በየጥጉ ገትሩ ነው የምለው። ቦታው ትክክል ባይሆን እንኳ እዚያ ነገር እንዳለ ያስታውሳችኋል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ፀሐይ።

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ውርጭ አለ። ለእማዬ ሳሎን ማለት ፀሐይ የሚገባበት ቤት ማለት ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ኮምፓስ አለ፤ ሁለቴ ክሊክ ተደርጎ ኬክሮስና ኬንትሮስ ይገባበታል። ለደብረ ብርሃን 9.68 ሰሜን፣ 39.53 ምሥራቅ አስገባሁ፣ ሰሜኑን በቦታው ላይ አዞርኩት። ከዚያ ፕሮግራሙ የተሳለውን ቤት እንደ ፎቶ አድርጎ ሲያወጣ ቀንና ሰዓት ይመረጣል፣ ጥላው እንደዚያው ይወድቃል። ከጥራት ደረጃዎቹ ሁለቱ ከፍተኞቹ ናቸው የተመረጠውን ሰዓት ከግምት የሚያስገቡት። ያረጀ ላፕቶፕ ካላችሁ ፎቶውን አስጀምራችሁ ቡና አፍሉ። የእኔ አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል።

የመጀመሪያው ፎቶ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጥቁር ሆኖ ወጣ። መስኮት የለ፣ ግድግዳ የለ። ተበላሸ ብዬ እንደገና አስጀመርኩ፣ እንደገና ጥቁር። ለካ ጠዋት 3 ሰዓት ብዬ 3፡00 አስገብቻለሁ። እሱ ደግሞ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የደብረ ብርሃንን ሳሎን ፎቶ እያነሳ ነበር። 9፡00 ሳደርገው ፀሐይ ወጣች። ቀኑንም እንዲሁ ወደ ፈረንጅ መመለስ ያስፈልጋል፤ ታኅሣሥ 12ን ለማየት ዲሴምበር 21 አስገቡ፣ ሰኔ 14ን ለማየት ጁን 21።

እነዚህን ሁለት ቀኖች ያየሁት ልዩነቱ ገርሞኝ ነው። እኛ አገር ፀሐይ ሁልጊዜ በአንድ በኩል አይደለም የምትሄደው። ሰኔ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ናት። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በደንብ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የመጀመሪያው ንድፌ የሳሎኑን ትልቅ መስኮት በሰሜን ነበር ያደረገው። በሰኔ ፎቶ ላይ ደስ የሚል ብርሃን አለ፤ ግን ክረምት ደመና ነው፣ ያ ፀሐይ ስክሪን ላይ ብቻ ነው ያለው። በታኅሣሥ፣ ብርዱ በሚያንሰፈስፍበት ጊዜ፣ ሳሎኑ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል።

መስኮቱን ወደ ደቡብ አዞርኩት። አማረ። ከዚያ አንድ ጓደኛዬ "ጎረቤቱስ?" አለኝ። የደቡቡ ቦታ አሁን ድንች ተዘርቶበታል። ነገ ግን ጂ+1 ይሆናል። ከወሰናችን 2 ሜትር ነው የራቅነው። ድንበሩ ላይ 6 ሜትር ተኩል የሚሆን ግድግዳ አቆምኩና ፎቶውን እንደገና አነሳሁ። መስኮቱ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ጥላ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ሳሎኑን ወደ ምሥራቅ፣ ግቢው ወዳለበት ፊት አመጣሁት። ግቢያችን ውስጥ ማንም ፎቅ አይሠራብንም። ፕሮግራሙ የእናንተን ቤት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የጎረቤትን ቤት፣ ያለውንም ሊመጣ የሚችለውንም፣ እናንተ ሳሉለት።

እማዬን ላፕቶፑ ፊት ያስቀመጥኳት እሁድ ቀን ነው። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየች። "የማን ቤት ነው?" አለች። "ያንቺ ነዋ እማዬ።" "ታዲያ ምጣዱ የት አለ?"

ካታሎጉ ውስጥ ሶፋ አለ፣ ፒያኖ አለ፣ የፈረንጅ እሳት ማንደጃ አለ። ምጣድ፣ መሶብ፣ ረከቦት የለም። ሲሊንደር የሚባል ቅርጽ አውጥቼ 60 ሴንቲ ስፋት ሰጥቼ ምጣድ አደረግሁት። ሌላ ሲሊንደር መሶብ ሆነ። አስቂኝ ነው የሚመስለው፤ ግን ሥራውን ሠራ። ምጣዱ ሲገባ ማድ ቤቱ እንደጠበበ ወዲያው ታየ። አብሳይዋ ምጣዱን ከፍታ እንጀራ ስታወጣ ወደ ኋላ የምትርቅበት ቦታ አልነበረም። ማድ ቤቱን በ40 ሴንቲ አሰፋነው፤ ያ 40 ሴንቲ ከእኔ መኝታ ነው የሄደው።

ዕቃን ከካታሎግ አትመኑ። ያላችሁን ዕቃ ለኩ። የእማዬ ቡፌ 2 ሜትር ከ20 ነው፣ በአባቴ ጊዜ የተገዛ፣ ከቤቱ በፊት እሱ ነው ቦታ የሚያዝለት። ፕሮግራሙ ውስጥ ደግሞ በቤቱ ውስጥ እየዞሩ ማየት ይቻላል፣ የተመልካቹን የዓይን ከፍታም መቀየር ይቻላል። ወደ 1.45 አወረድኩትና በእማዬ ዓይን ማድ ቤቱን አየሁ። የላይኛው መደርደሪያ ለእኔ ቁመት የተሠራ ነበር።

የማይችለውን በአጭሩ። ጣራ ራሱ አያወጣም፤ የቆርቆሮ ጣራ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ሌላ ነገር ፈልጉ። መሬቱን ሁሌ ለጥ ያለ አድርጎ ነው የሚያየው። የእኛ ቦታ ከበሩ እስከ ኋላ 70 ሴንቲ ይወርዳል፤ ይህን ያወቅነው ፎርማኑ በሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ ልኩን ሲወስድ ነው። የኋላው መሠረት ድንጋይ ከተገመተው በላይ በላ። ፌሮ (ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት)፣ ቢም (አግድም ተሸካሚው)፣ የኮለን ስሌት የሚባል ነገር የለውም። ባለሙያዎች የሚስሉበትን የአውቶካድን የራሱን ፋይል (DWG) አያወጣም። ለግንባታ ፈቃድ ባለሙያ ፈርሞ ማኅተም የሚያደርግበት ንድፍ ስለሚያስፈልግ ድራፍትማኑ የእኔን አይቶ ከዜሮ ነው የሳለው። ቢሆንም ሁለት ቀን ነው የፈጀበት፣ ምክንያቱም የሚጨቃጨቅ ሰው አልነበረም። እኛ ስድስት ወር ቤት ውስጥ ተጨቃጭቀን ጨርሰናል።

ስታትሙ ደግሞ ተጠንቀቁ። በ1 ለ 50 ሲታተም የእኛ ቦታ 20 በ40 ሴንቲ ይሆናል፣ ኤ3 ወረቀት ላይ ልክ ይገባል። የመጀመሪያውን ያሳተምኩበት ቤት ልጁ ወረቀቱ ላይ እንዲያምር ትንሽ አሳንሶ አወጣው። ለዓይን አይታወቅም። ፎርማኑ ማስመሪያ አስቀምጦ ሲለካ ነው ሁሉም ክፍል ያነሰው። አሁን ንድፉ ጥግ ላይ 5 ሜትር የሚል መስመር አኖራለሁ። ማተሚያ ቤት ቆሜ በማስመሪያ እለካዋለሁ፤ 10 ሴንቲ ካልሆነ አልከፍልም።

አንድ ጊዜ መብራት ሄዶ የሁለት ሰዓት ሥራ ጠፍቶብኛል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ይዤ ሴቭ ሳላደርግ መቀመጤ የራሴ ጥፋት ነው። ምርጫዎች ውስጥ በየስንት ደቂቃው ለማገገሚያ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል። ፋይሉንም በአንድ ስም ላዩ ላይ አትደራርቡ። እኔ አሁን "የእማዬ ቤት 41" ላይ ነኝ። 17ኛው ጠቅሞናል፤ የሰርቪሱን በር እዚያ ላይ የነበረበት መልሰነዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። የሳሎኑ ግድግዳ ቆሟል፣ መስኮቱ ገና ባዶ ቀዳዳ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ነው። እማዬ ከጎረቤት ዱካ አስመጥታ ብሎኬቱ መሃል ተቀምጣለች፣ ፀሐዩ ጉልበቷ ላይ ነው። ሜትሬን አውጥቼ የቡፌውን ግድግዳ ለካሁት። 2 ሜትር ከ24። ልስኑ ገና ነው። ሁለት ሁለት ሴንቲ ከዚህም ከዚያም ሲቀነስ 2.20 ይቀራል፣ ልክ የቡፌው ርዝመት። ፎርማኑን ጠራሁት። "በዚያች ግድግዳ በኩል ልስኑን ቀጠን እናደርጋታለን" አለ። እማዬ ሳትዞር "ቡፌዬን እንዳትነኩት" አለች።