ለጋስና ቆንቋና ዳይቭ ኮምፒውተሮች፦ የትኛውን ልግዛ?

ሁለት ጠላቂዎች 30 ሜትር ላይ ጎን ለጎን ናቸው። የሚተነፍሱት አንድ ዓይነት አየር ነው። እጃቸው ላይ የታሰረው ዳይቭ ኮምፒውተር፣ ሲወጡ መንገድ ላይ የግዴታ ማቆሚያ ሳይኖርባቸው ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችሉ ይነግራቸዋል። የአንዱ ገና 8 ደቂቃ አለህ ይለዋል፣ የሌላው 3 ደቂቃ ቀረህ ይላል። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። የተጫነባቸውን ስሌት በትክክል እየሠሩ ነው። አንዱ ለጋስ ነው፣ ሌላው ቆንቋና።

ኮምፒውተሩ ደማችሁን አያይም። ጥልቀትና ጊዜ ይዞ ሰውነታችሁ ውስጥ ስንት ናይትሮጅን እንደገባ ይገምታል። ናይትሮጅኑ ሳይወጣ ቶሎ ከወጣችሁ አረፋ ሠርቶ ያሳምማል። ግምቱ ላይ ምን ያህል ህዳግ ይተው የሚለውን አምራቹ ይወስናል። ገንዘብ ስትከፍሉ በአብዛኛው የምትመርጡት ይህንን ህዳግ ነው። ስክሪኑና ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሺርዎተርና ጋርሚን

ዛሬ በጣም የተለመደው ስሌት የዙሪኩ ሐኪም አልበርት ቡልማን የሠራው ነው። ሰውነትን በ16 ክፍል ከፍሎ ያሰላል። አንዳንዱ ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ናይትሮጅን ይሞላል፣ አንዳንዱ ሰዓታት ይፈጅበታል። የሁለቱ አምራቾች፣ የሺርዎተርና የጋርሚን፣ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በዚህ ነው። በላዩ ላይ ግራዲየንት ፋክተር የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ይጨመራሉ። ሁለቱም ጋ ሦስት ዝግጁ ምርጫ ታገኛላችሁ፦ ዝቅተኛ ጥንቃቄ 45/95፣ መካከለኛ 40/85፣ ከፍተኛ 35/75።

ብዙ ገዢ የመጀመሪያውን ቁጥር ሲመረምር ይውላል። የግዴታ ማቆሚያ ውስጥ ለማይገባ የመዝናኛ ጠላቂ ግን ወሳኙ ሁለተኛው ነው። 85 ማለት ውሃው ላይ ስትወጡ ቡልማን ከፈቀደው የግፊት ልዩነት ከ85 በመቶው አትለፉ ማለት ነው። ቀመሩን ለመጀመሪያ ዳይቭ፣ ለ30 ሜትር፣ በአየር ሠርቼ አየሁት። ከ95 ወደ 85፣ ከ85 ወደ 75 በወረዳችሁ ቁጥር በየደረጃው ወደ 3 ደቂቃ ገደማ ይቀነሳል። ትንሽ ይመስላል። ግን ጠቅላላው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ ቀላል አይደለም።

የመጀመሪያው ቁጥር የሚወስነው የመጀመሪያው ማቆሚያ ምን ያህል ጥልቅ እንደሚሆን ነው። ዝቅ ባደረግሁት ቁጥር ይበልጥ እጠነቀቃለሁ ብሎ ማሰብ ያሳስታል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ2011 ያወጣው ሙከራ አለ። ጠቅላላ የማቆሚያ ጊዜው እኩል ሆኖ ማቆሚያው ወደ ጥልቅ የተገፋባቸው ጠላቂዎች ላይ የዲኮምፕሬሽን ሕመም (ያ የናይትሮጅን አረፋ የሚያመጣው) በዝቶ ታየ።

ኦሺያኒክ

በዚህ አምራች ብዙ ሞዴሎች ላይ ሁለት ስሌት አለ፣ ዲሳት እና ዜድ ፕላስ። ዲሳት የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅቱ ፓዲ የመዝናኛ ሰንጠረዥ ከቆመበት ሙከራ የመጣ ነው። ያ ሰንጠረዥ 30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ ይሰጣል። ለጋስ የምለው ይህን ነው። በተለይ በተደጋጋሚ ዳይቭ ላይ ከጓደኞቻችሁ ኮምፒውተር ርቆ ይሄዳል። ዜድ ፕላስ ከቡልማን የተወሰደ ነው፣ ጠበቅ ይላል። ሲገዛ በየትኛው ላይ እንደተቀመጠ አይታችሁ ግቡ።

ሱውንቶ፣ ክሬሲና ሌሎቹ

የሱውንቶ የቆየ ስም ቆንቋና ነው። እውነት አለው፣ ግን ሙሉው ታሪክ አይደለም። አር.ጂ.ቢ.ኤም የተባለው ስሌቱ የመጀመሪያው ዳይቭ ላይ ብዙም አይከፋም። ቂመኛ ነው እንጂ። በፍጥነት ከወጣችሁ፣ በዳይቮች መካከል እረፍት ካሳጠራችሁ፣ ወይም ወጣ ገባ ካበዛችሁ፣ ሦስተኛው ዳይቭ ላይ ሒሳቡን ያወራርዳል። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ የሚጠልቅ ሰው የሚማረረው ለዚህ ነው። ዲ5 በሚባለው ሞዴል ላይ ጥንቃቄውን ከ -2 እስከ +2 ማስተካከል ይቻላል። በ2024 የመጣው ሱውንቶ ኦሽን ደግሞ ወደ ቡልማን ዞሯል። ስለዚህ "ሱውንቶ ጥብቅ ነው" የሚለው ወሬ የትኛውን ሞዴል እንደሆነ ጠይቁ።

ክሬሲ ሊዮናርዶ የዚያው ቤተሰብ ነው፣ ከ0 እስከ 2 የጥንቃቄ ደረጃ አለው። ማሬስ የቆዩት በአር.ጂ.ቢ.ኤም፣ አዳዲሶቹ በቡልማን ይሠራሉ። ስኩባፕሮ ጥንቃቄውን በማይክሮባብል (ጥቃቅን አረፋ) ደረጃ ያስተካክላል።

ስትሳሳቱ ምን ያደርጋል?

ይህንን ጥያቄ ሻጭ እምብዛም አያነሳውም። ማቆሚያ ሳትጨርሱ ብትወጡ እንደ ዙፕ ያሉት የሱውንቶ ሞዴሎች ስሌታቸውን ለ48 ሰዓት ይቆልፋሉ። ኦሺያኒክ ለ24 ሰዓት ጥልቀትና ጊዜ ብቻ ወደሚያሳይ መለኪያ ይለወጣል። ሺርዎተር አይቆልፍም፣ ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ማስላቱን ይቀጥላል። ለጀማሪ መቆለፉ ጥሩ ተግሣጽ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በጣም መረጃ በምትፈልጉበት ሰዓት ዝም የሚል መሣሪያ ለእኔ አይመቸኝም።

ሺርዎተር ላይ የምወደው ሌላ ነገር ሰርፍ ጂ.ኤፍ የሚለው ቁጥር ነው። አሁኑኑ ብትወጡ ከገደቡ ስንት በመቶ ላይ እንደምትሆኑ ይነግራል። ለደህንነት 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ስትቆሙ ተመልከቱት። ቁጥሩ ዓይናችሁ እያየ ዝቅ ዝቅ ይላል። የማቆሚያው 3 ደቂቃ ምን እየሠራ እንደሆነ በቁጥር ታዩታላችሁ። ሁለት ደቂቃ ልጨምር ወይ የሚለውንም በግምት አትወስኑም።

አጠቃቀሙ ላይ

ከጓደኛ ጋር ስትጠልቁ የምትወጡት በቆንቋናው ኮምፒውተር ነው፣ ክርክር የለውም። አንድ ኮምፒውተር ለሁለት አይሆንም። በዳይቮች መካከል መቀያየርም አይሆንም፣ ምክንያቱም የጠዋቱን ናይትሮጅን የሚያስታውሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

አንዳንዱ ናይትሮክስ (ኦክስጅኑ ከተራ አየር የበዛ ጋዝ) እየተነፈሰ ኮምፒውተሩን አየር ላይ ይተወዋል። ተጨማሪ ህዳግ ይሰጣል፣ እውነት ነው። ግን ናይትሮክስ 32 (32 በመቶ ኦክስጅን ያለው)፣ ኦክስጅን መርዝ እንዳይሆን በተቀመጠው የ1.4 ባር ግፊት ገደብ፣ ከ33 ሜትር አካባቢ በታች አይወሰድም። አየር ላይ ያለው ኮምፒውተር ይህንን አያስጠነቅቅም። ትክክለኛውን ጋዝ አስገብታችሁ ጥንቃቄውን በደረጃው ጨምሩ። ብርድ፣ ድካም፣ ውሃ አለመጠጣት፣ ከጅረት ጋር መታገል ሲኖርም እንደዚያው፤ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች እነዚህን አይቆጥሯቸውም።

የእኔ ምርጫ

ደረጃው የሚቀየርና ቁጥሩ ግልጽ የሆነ የቡልማን ኮምፒውተር እገዛለሁ፤ 40/85 ላይ እጀምራለሁ። በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ በቀን አንዴ ሁለቴ፣ ከአስጎብኚ ጋር ለሚጠልቅ ሰው ግን ሊዮናርዶም ዙፕም ይበቃዋል። ለጋሱን ለመግዛት ተጨማሪ መክፈል አያስፈልገውም። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ቅንብሩን ክፈቱ። የቀድሞው ባለቤት 95 ላይ ትቶት ሊሆን ይችላል።