የአኪለስ ጅማት ቀዶ ሕክምና፦ ጠርጎ መስፋት ወይስ ጅማት ማዛወር?

የአኪለስ ጅማት፣ ማለትም ባትን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ጅማት፣ ተበላሽቶ ሲያም የባት ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ከ3 እስከ 6 ወር ተሠርቶ ሕመሙ ካልለቀቀ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ምርጫውን በአብዛኛው የሚወስነው የተበላሸው መጠን ነው።

ጉዳቱ ከጅማቱ ውፍረት ከግማሽ በታች ከሆነ ጠርጎ መስፋት ይበቃል። ጅማቱ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ጤነኛው ነጭና አንጸባራቂ ነው፣ ግራጫ ሆኖ የላላው ተቆርጦ ይወጣል፣ ቀሪው ጎን ለጎን ይሰፋል። ብዙ ማትረፍ ፈልጎ የታመመውን መተው ሕመሙን ይመልሳል።

ከግማሽ ካለፈ የተረፈው ሸክሙን አይችልም። ያኔ የእግር አውራ ጣትን የሚያጥፈው ጅማት ተቆርጦ፣ ተረከዝ አጥንት ላይ በተበሳ ቀዳዳ ገብቶ በብሎን ይታሰራል። ከተዛወረው ጅማት ጋር የተያያዘው ጡንቻ ደም ላነሰው ቦታ ደም ይዞ ይመጣል። ዋጋው የአውራ ጣት ጉልበት መቀነስ ነው፤ ሯጭን ያሳስባል፣ ለተራ እርምጃ ግን ብዙም አይሰማም።

በሁለቱም አስቸጋሪው ቁስሉ ነው፦ ቆዳው ስስ ስለሆነ በአጫሽና በስኳር ሕመምተኛ ላይ ቶሎ አይገጥምም።