በዳይፐር የተቆረጠ ቲኬት፦ የዩናይትድን ሾፒንግ ፖርታል ሁለት ዓመት ሞክረን ያየነው

እናቴ ከአሜሪካ ስትመለስ ቲኬቷ በማይል (አየር መንገድ ለደንበኛው የሚሰጠው፣ ሲጠራቀም ቲኬት የሚቆርጥ ነጥብ ነው) ነው የተቆረጠው ብዬ አንድ ቀን ቡና ላይ አወራሁ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ባሕር ዳር ውስጥ አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እየያዘ እስኪ አስረዳኝ ይለኛል፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ቀድሜ ግን ልናገር፣ ነጻ ቲኬት የሚባል ነገር የለም፣ ሙሉውን አንብባችሁ ፍረዱ።

እህቴ ሜሪላንድ ነው ያለችው፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ አሁን ደግሞ ሦስተኛ። ልጅ ያለው ሰው እዛ ሀገር ምን ያህል ኦንላይን እንደሚገዛ ቆጥራችሁ አትጨርሱትም፣ ዳይፐር፣ ጫማ፣ የክረምት ጃኬት፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ደግሞ ጫማ፣ ልጅ እግሩ በየሦስት ወሩ ነው የሚያድገው። በኛ አቆጣጠር 2015 ላይ ይመስለኛል ጥቅምት አካባቢ ደውላ «አያ፣ የማንኛውም እናት ገበያ የአውሮፕላን ማይል ያመጣል ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ፣ ግን ኢንተርኔት ላይ የማነብበት ትርፍ ጊዜ ስላለኝ የቤቱ አማካሪ እኔው ሆንኩ።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ዩናይትድ የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ማይሌጅ ፕላስ የሚል የደንበኞች ፕሮግራም አለው፣ መመዝገቡ ነጻ ነው፣ በሱ ስር ደግሞ ማይሌጅ ፕላስ ሾፒንግ የሚባል ዌብሳይት አለ፣ ሾፒንግ ፖርታል የሚሉት እሱን ነው። እህቴ ጫማ ስትፈልግ ቀጥታ ጫማ ቤቱ ጋ አትገባም፣ መጀመሪያ እዚህ ገብታ ሎግ ኢን ታደርግና የሱቁን ስም ፈልጋ ክሊክ ታደርጋለች፣ ከዛ እሱ ራሱ ወደ ሱቁ ይወስዳታል። ዋጋው ያው ነው፣ ጫማው ያው ነው፣ የምትከፍልበት ካርድ ያው ነው፣ ልዩነቱ ለእያንዳንዱ ዶላር አንድም ሁለትም ሦስትም ማይል አካውንቷ ላይ ይገባል፣ እንደ ሱቁና እንደ ቀኑ። ሱቁ ገዢ አመጣችሁልኝ ብሎ ለፖርታሉ ኮሚሽን ይከፍላል፣ ፖርታሉ ከኮሚሽኑ ቆርሶ ለገዢው በማይል ይሰጣል። በቃ ድለላ ነው። ቤት ያከራያችሁ ደላላ ከድለላው ቆርሶ ለተከራዩ ሲሰጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም፣ እዚህ ግን አለ።

ይሄን ለእናቴ ሳስረዳት ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል ብዬ ነበር። እናቴ ድሮ ቢቸና ቅቤ ትነግድ ነበር፣ ዝም ብላ ሰምታኝ «ምርቃት ነዋ» አለች። አዎ፣ ቅቤውን መዝና ከጨረሰች በኋላ ደንበኛዋ እንዳይከፋው በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ጣል የምታደርግለት ነገር። ከዛ የጠየቀችኝ ጥያቄ እስካሁን ያነበብኳቸው ሪቪዎች ሁሉ ያልጠየቁት ነው፣ «ምርቃቱን ብላ ነው እንዴ ገበያ የምትወጣው?» ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ለምን ዩናይትድ? ለኛ ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። የአሜሪካኖቹ አየር መንገዶች ሁሉም ማለት ይቻላል እንዲህ አይነት ፖርታል አላቸው፣ ዴልታም አለው፣ አሜሪካንም አለው (ይሄ የማይል ነገር በትልቁ የተጀመረው እ.ኤ.አ. 1981 አሜሪካን አየር መንገድ ሲያወጣው ነው፣ ዩናይትድም እዛው ዓመት ተከተለው)። ግን የኛው ኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከታህሳስ 2011 ጀምሮ የስታር አሊያንስ (አባላቱ አንዱ የሌላውን ማይል የሚቀበሉበት የአየር መንገዶች ማህበር) አባል ነው፣ ዩናይትድ ደግሞ ያንን ማህበር 1997 ላይ ከመሰረቱት አንዱ ነው፣ ስለዚህ ዳይፐር ተገዝቶ የተጠራቀመ የዩናይትድ ማይል ከዳላስ ኤርፖርት በቀጥታ አዲስ አበባ የሚመጣውን የራሳችንን አውሮፕላን ይቆርጣል። ዳላስ ስል የቴክሳሱን አይደለም፣ ዋሽንግተን አጠገብ ያለውን ነው፣ እናቴም ተምታቶባት ነበር። የዴልታ ማይል ቢሆን ኖሮ ለኛ መንገድ ብዙም አይጠቅመንም ነበር፣ እሱ ሌላ ማህበር ውስጥ ነው። ሌላው ደስ ያለኝ ነገር የዩናይትድ ማይል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ጊዜው አያልፍበትም፣ የአሜሪካን አየር መንገድ ግን አካውንቱ ላይ ምንም ሳይንቀሳቀስ 24 ወር ከቆየ ይቃጠላል። እኛ ደግሞ በስንት ዓመት አንዴ ነው የምንበረው፣ የማይቃጠል ይሻለናል።

አሁን ወደ ጣጣው። ክሊክ ስታደርጉ ብራውዘራችሁ ላይ ኩኪ የሚባል ምልክት ይቀመጣል፣ ሱቁ ይቺ ሴትዮ ከማን እንደመጣች የሚያውቀው በሱ ነው። ምልክቱ ከጠፋ ማይሉም የለም። እህቴ አንዴ ላፕቶፕ ገዛች፣ ትልቅ ግዢ ነው፣ ማይሉን ቆጥረን ተዘጋጅተናል፣ ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ የለም። ጻፈችላቸው፣ የትዕዛዙን ኢሜይል አያይዛ ላከች፣ መልሱ ሲመጣ ለካ ጥፋቱ የራሷ ነው፣ ብራውዘሯ ላይ ኩፖን በራሱ እየፈለገ የሚለጥፍ ኤክስቴንሽን ነበራት፣ እሱ መጨረሻ ሰዓት ላይ ገብቶ አምስት ዶላር ቀነሰላትና ገዢዋን ያመጣኋት እኔ ነኝ ብሎ ድለላውን ወሰደው። ደላላ በደላላ ላይ! እኔ ስስቅ እሷ ተናደደች። ከዛ ወዲህ ለገበያ ብቻ የምትከፍተው ሌላ ብራውዘር አላት፣ ማስታወቂያ የሚከለክል ነገር የለበትም፣ ኩፖን የለበትም፣ ከክሊኩ በኋላ ሌላ ታብ ላይ አትዞርም፣ ቅርጫቷንም ከክሊኩ በፊት አትሞላም። እንደ ውዱእ ነው፣ ከፈረሰ እንደገና መጀመር ነው አለኝ አንድ የሰፈራችን ልጅ ሳጫውተው።

ሌሎቹ ትናንሽ ነገሮች፣ ማይሉ የሚታሰበው ከታክስና ከማጓጓዣ በፊት ባለው ዋጋ ነው፣ የስጦታ ካርድ ብዙ ሱቅ ላይ አይቆጠርም፣ ዕቃ ከመለሳችሁ ማይሉም ይመለሳል (ልጅ ጫማው ጠበበኝ ሲል ማይሉም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው)፣ የገባው ደግሞ ወዲያው አይታይም፣ ሱቁ መመለሻ ጊዜው እስኪያልፍ ስለሚጠብቅ ሳምንታት ይፈጃል። አማዞን ደግሞ እህቴ በገባችበት ጊዜ ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፣ የሷ ገበያ ግማሹ እዛ ስለሆነ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። ሱቆቹ የሚሰጡት መጠን በየቀኑ ይለዋወጣል፣ ዛሬ 1 ያለው ነገ 5 ይላል፣ በፈረንጆቹ ኅዳር የታንክስጊቪንግ ሰሞን ደግሞ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ የማያስቸኩለውን ዕቃ እሷ እስከዛ ታቆየዋለች። የትኛው ፖርታል ዛሬ ስንት እንደሚሰጥ የሚያወዳድር ካሽባክ ሞኒተር የሚባል ዌብሳይት አለ፣ ሱሰኛ ካልሆናችሁ በቀር ግን በየቀኑ አትክፈቱት።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ፣ ከማይሉ ለምን ጥሬ ብሩን አትወስድም? ልክ ነው፣ በማይል ፋንታ ካሽ የሚመልሱ አሉ፣ ራኩተን አንዱ ነው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ 100 ዶላር ገዝታ አንዱ 3 ፐርሰንት ካሽ ቢሰጣት 3 ዶላር ያዘች፣ ሌላው በዶላር 3 ማይል ቢሰጣት 300 ማይል ያዘች፣ ማይሉ የሚያዋጣት እያንዳንዱ ማይል ቲኬት ላይ ከአንድ ሴንት በላይ ሲያወጣላት ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ካሹን ውሰጂ ባይ ነበርኩ። ሀሳቤን ያስቀየረኝ ሂሳቡ ሳይሆን የእህቴ ጠባይ ነው፣ 3 ዶላር እጇ ላይ ከገባ ያው 3 ዶላር ነው፣ ቡና ትጠጣበታለች፣ ማይሉ ግን ምን ላድርግህ ብትሉት ከመብረር በቀር ስለማይጠቅም ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነካ ተቀመጠ። እንደ እቁብ በሉት፣ እቁብም ወለድ የለውም፣ ግን ሰው በእቁብ ነው ቤት የሚሰራው።

እና ስንት ሆነ? በሁለት ዓመት ከገበያ ብቻ 16 ሺህ 400 ማይል። ብዙ ይመስላል፣ ብቻውን ግን አልበቃም፣ እውነቱን ልናገር ከቲኬቱ ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። ከቀሪው ብዙው የመጣው እህቴ ከዛ በፊት ለገና መጥታ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስትበር ማይሉን በዩናይትድ ቁጥሯ ስላስመዘገበችው ነው። ይሄን አስተውሉ፣ አንድ በረራ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚመዘገበው፣ ወይ ለኢትዮጵያ ሸባማይልስ ወይ ለዩናይትድ፣ ሁለቱም ላይ አይሆንም፣ እዚህም እዚያም መበተን ደግሞ የትም አያደርስም። ቲኬቱ ስንት ማይል ይፈልጋል ለሚለው ቋሚ ዋጋ የለም፣ ዩናይትድ ድሮ የነበረውን የዋጋ ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. 2019 ላይ አንስቶታል፣ ቀን በቀያየርን ቁጥር ሌላ ዋጋ ነበር የሚያሳየን። ደግሞ ማይል ሁሉንም አይከፍልም፣ የኤርፖርት ታክሱን በካርድ ከፍላለች፣ ደግነቱ ዩናይትድ የነዳጅ ጭማሪ የሚሉትን አያስከፍልም።

ሲሄድ በብር ነው የተቆረጠው (ለአራስ ጥየቃ ቀን አይመረጥማ)፣ ሲመለስ ግን ቀኑን ሦስት ወር ቀድመን ስለፈለግን ተገኘ፣ ከዳላስ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ በአንድ ቲኬት። ለኔ ከሁሉም ያስደሰተኝ ይቺ የመጨረሻዋ ቁራጭ ነች። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ የ67 ዓመት ሴት 13 ሰዓት በአየር ላይ ቆይታ መጥታ አውቶብስ ተሳፈሪ አይባልም። በማይል ስለተቆረጠ የሚቀነስባት ነገርም አልነበረም፣ እንደማንም ሰው ሁለት ሻንጣ በ23 በ23 ኪሎ። ስትሄድ ሽሮ፣ በሶ፣ የቡሬ በርበሬና የተነጠረ ቅቤ ነበር የሞሉት፣ ስትመለስ ምን እንደነበረባቸው ቆይ እነግራችኋለሁ።

እዚህ ላለነው ግን ጥቅሙ ምንድነው? በቀጥታ፣ ብዙም የለም። በብር ካርድ የውጪ ሱቅ መግዛት አይሆንም፣ የኛ ኦንላይን ሾፒንግ ደግሞ ቴሌግራም ቻናል ላይ ፎቶ አይቶ «ዋጋ በኢንቦክስ» ተብሎ በቴሌብር ልኮ ስክሪንሾት ማሳየት ነው፣ እዛ ላይ ማይል የለም፣ ዕቃው ራሱ ከመጣ ተመስገን ነው። እኔ ሸባማይልስ ከፍቻለሁ፣ ነጻ ስለሆነ እናንተም ክፈቱ፣ ግን ከባሕር ዳር አዲስ በአየር 200 ማይል ገደማ ናት፣ በዚች ለመክበር መጃጀት ነው። ለኛ የሚያዋጣው ውጪ ያለ እህት ወንድም ያው የሚገዛውን ዕቃ አንድ ክሊክ ጨምሮ እንዲገዛ መምከር ነው። ዩናይትድ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ እስከ አምስት ሰው ማይላቸውን ያለ ክፍያ በአንድ ቋት እንዲያጠራቅሙ ፈቅዷል፣ ለብቻ አምስት ዓመት የሚፈጀው በጋራ ቶሎ ይሞላል፣ ግን ከቋቱ የሚወጣው ማይል ዩናይትድ ራሱ የሚያበረውን በረራ ብቻ ነው የሚቆርጠው፣ የኢትዮጵያን አውሮፕላን አይደለም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከ10 ላይ 7። ሦስቱን የቀነስኩት በትዕግስቱና በኩኪው ጣጣ አይደለም፣ እናቴ በጠየቀችው ጥያቄ ነው።

እናቴ ሜሪላንድ በሄደች በሳምንቷ ደውላ «ልጄ እዚህ ቤት ጓዳው ሱቅ ነው» አለችኝ። ያልተከፈተ ካርቶን በካርቶን ላይ፣ የጁስ መፍጫ፣ የሩዝ መቀቀያ፣ ሦስት አንድ አይነት መጥበሻ። እህቴ ስትጠየቅ ያንን ቀን 8 ማይል በዶላር ነበር፣ ይሄኛው 10 ነበር ትላለች። ከነዚህ ውስጥ አንዱ የዋፍል ማሽን ነው፣ 12 ማይል በዶላር፣ ዋፍል በልቶ የሚያውቅ ሰው በዛ ቤት የለም። እናቴ አዝና ከምትጥሉት ብላ ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ ይዛው መጣች፣ ማሽኑ የ120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። አሁን ሳሎናችን ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል፣ እንግዳ ሲመጣ ምንድነው ብሎ ሲጠይቅ እናቴ «ምርቃት» ትላለች።