ሳይቆረጥ የተሳለ ጀብዱ፦ «ኤ ሪንክል ኢን ታይም» በግራፊክ ኖቭል

የታወቁ የልጆች የጀብዱ መጻሕፍትን ወደ ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች ወደሚተረክ ታሪክ፣ የሚያዞሩ አሳታሚዎች ለረጅም ዘመን የተከተሉት መንገድ ማሳጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 በአሜሪካ የተጀመረውና በኋላ «ክላሲክስ ኢለስትሬትድ» የሚል ስም የያዘው ተከታታይ ኅትመት የአሌክሳንደር ዱማን «ሦስቱ ሙስኬተሮች» የመጀመሪያ እትሙ ባደረገ ጊዜ፣ ያን የሚያህል ዳጎስ ያለ ልቦለድ በ64 ገጽ ገደማ ለመጨረስ ተገዶ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ የእያንዳንዱ እትም መጠን ወደ 48 ገጽ ወረደ። አዘጋጆቹ ጉድለቱ አልጠፋቸውም፤ አንባቢው ዋናውን መጽሐፍ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ፈልጎ እንዲያነብ በእትሞቹ መጨረሻ ላይ ያሳስቡ ነበር። አሜሪካዊቷ የኮሚክ ሠዓሊና ደራሲ ሆፕ ላርሰን በ2012 ያወጣችው የማዴሊን ለንግል «ኤ ሪንክል ኢን ታይም» የሄደው ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ልቦለዱ ሁለት መቶ ገጽ ገደማ ሲሆን ግራፊክ ኖቭሉ፣ ማለትም በመጽሐፍ መልክ የወጣው ኮሚክ፣ 392 ገጽ ነው። የዚህ መጽሐፍ ብርታትም ድካምም የሚመነጨው ከዚህ ውሳኔ ይመስለኛል።

ልቦለዱ በ1962 ከመታተሙ በፊት ከ20 በላይ አሳታሚዎች መልሰውታል፤ በተከታዩ ዓመት ግን በአሜሪካ ለልጆች ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የኒውቤሪ ሜዳሊያ አገኘ። ታሪኩ በሳይንቲስት አባቷ መጥፋት የምትብሰለሰለው ሜግ መሪ፣ የአምስት ዓመቱ ጥበበኛ ታናሽ ወንድሟ ቻርልስ ዋላስ እና ጓደኛቸው ካልቪን፣ ወይዘሮ ዋትሲት፣ ወይዘሮ ሁ እና ወይዘሮ ዊች በተባሉ ሦስት እንግዳ ፍጡራን እየተመሩ ከፕላኔት ወደ ፕላኔት ተሻግረው አባትን ለማስፈታት የሚያደርጉት ጉዞ ነው። ላርሰን የልቦለዱን ምዕራፎች በቅደም ተከተላቸው ይዛለች፤ ንግግሩንም አብዛኛውን እንዳለ አስቀምጣዋለች።

ይህ ታማኝነት ከሁሉ በላይ የሚክሰው መጀመሪያው ላይ፣ ገና ጀብዱው ሳይጀመር ነው። ማዕበል በሚያናውጠው ሌሊት ሜግ እንቅልፍ አጥታ ከጣሪያ ሥር ካለው መኝታ ክፍሏ ወደ ወጥ ቤት ስትወርድ፣ ትንሹ ወንድሟ መምጣቷን አስቀድሞ ያወቀ ይመስል ለካካዎ የሚሆን ወተት ጥዶ ይጠብቃታል። ወዲያው በሻርፕ ላይ ሻርፕ የደራረበች አሮጊት ከዝናቡ ውስጥ ትገባለች፤ የቱና ሳንድዊች ይሠራላታል፤ ውኃ የቋጠረ ቦት ጫማዋን ሲያወልቁላት ከነወንበሯ ወደ ኋላ ትገለበጣለች። ከዚህ ሁሉ ግርግር በኋላ ልትወጣ ስትል፣ እግረ መንገዷን እንደምትናገር ሁሉ፣ «ቴሰራክት» የሚባል ነገር በእርግጥ አለ ብላ ትሄዳለች፤ የልጆቹ እናት ፊቷ አመድ ይሆናል። ማሳጠር የሚወድ አዘጋጅ ይህን ትዕይንት በአንድ ገጽ አጠናቆ ልጆቹን ወደ ሌላ ዓለም ባስወነጨፋቸው ነበር። ላርሰን ግን አትቸኩልም፤ በንግግሮቹ መካከል ማንም የማይናገርባቸውን ክፈፎች (የኮሚክ ሥዕል የሚያርፍባቸውን ሳጥኖች) እየጣለች ሳቁ ሳይታወቀን ወደ ፍርሃት እንዲዞር ታደርጋለች። የሜግ ጠባይም የሚገባን ከዚህ ዝምታ ነው። ልቦለዱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያስታውሰን መነጽሯና የጥርስ ሽቦዋ እዚህ ዘወትር ዐይናችን ሥር ስለሆኑ፣ መልኳን የምትጠላ ልጅ ኀፍረቷን ደግማ መናገር አያስፈልጋትም።

ሥዕል ከቃል የሚበልጥበትን ቦታ ለሚፈልግ ደግሞ ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ቴሰራክት፣ ማለትም ርቀትን አጥፎ መሻገር፣ ምን ማለት እንደሆነ የሚብራራበት ነው፤ ወይዘሮ ሁ ቀሚሷን በሁለት እጇ ወጥራ ትይዝና፣ አንዲት ጉንዳን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ለመድረስ ያን ሁሉ ጨርቅ መጓዝ እንዳለባት፣ እጆቹ ሲገጥሙ ግን ወዲያው እንደምትደርስ ታሳያለች። ለንግል ራሷ በዚህ ቦታ ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ስላወቀች በልቦለዱ ውስጥ ትንሽ የመስመር ሥዕል አስገብታ ነበር፤ ስለዚህ ኮሚኩ እዚህ የደራሲዋን የራሷን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ወስዶታል ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ካማዞትዝ በተባለችው ፕላኔት ላይ ያለው ሰፈር ነው። አንድ ዓይነት ቤቶች ተደርድረዋል፤ በየደጃፉ ልጆች በአንድ ምት ኳስ ያነጥራሉ፣ ገመድ ይዘላሉ፤ እናቶች በአንድ ቅጽበት በር ከፍተው ይጠሯቸዋል። በልቦለዱ ይህን መደጋገም በሐሳባችን መሥራት ያለብን እኛው ነን፤ በኮሚክ ግን ገጹ ራሱ በእኩል ክፈፎች የተከፋፈለ ስለሆነ ድግግሞሹ ዐይን ላይ ይመታል፤ ኳሱ ያመለጠው አንድ ልጅ ሲመጣም አንባቢው የሚደነግጠው ገና ጽሑፉን ሳያነብ ነው።

መጽሐፉ የታተመው በጥቁር፣ በነጭና በሰማያዊ ብቻ ነው። ይህን የወጪ ቁጠባ ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ ግን ምርጫው ለታሪኩ የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ክንውን ሌሊት፣ ጥላ ወይም የከዋክብት ብርሃን ነው። በጥቁር ቀለም ብቻ ጀብዱን መሸከም እንደሚቻል አስቀድመው ያሳዩ አሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የኖረው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሁጎ ፕራት በ1960ዎቹ ከጸሐፊው ሚኖ ሚላኒ ጋር የስቲቨንሰንን «ትሬዠር አይላንድ» ለልጆች ሳምንታዊ መጽሔት ሲሥል የተማመነው በጥቁርና ነጭ ነበር። ይሁን እንጂ የላርሰን ሰማያዊ አንድ ቦታ ላይ ይከዳታል። በካማዞትዝ ልጆቹን አእምሯቸውን ሊነጥቅ የሚሞክረው ሰው መለያው ቀይ ዐይኖቹ ናቸው፤ በልቦለዱም የዚያ ቀይ ብርሃን መደጋገም ያስጨንቃል። ቀይ በሌለበት መጽሐፍ ውስጥ ግን ቀይነቱን የሚነግረን ጽሑፉ ብቻ ስለሆነ፣ አስፈሪው ሰው ከሚገባው በታች ያስፈራል።

ከዚህ የሚከብደው ጉድለት ግን ወደ መጨረሻው የሚመጣው ነው። ሜግ በብርድ ደንዝዛ ከሞት አፋፍ ስትመለስ የሚያስታምሟት ፍጡራን ዐይን የላቸውም፤ ማየት ምን እንደሆነም አያውቁም። ሜግ ብርሃንን ልታስረዳቸው ትሞክርና ቃል ያጥራታል። በልቦለዱ ይህ ውይይት ከመጽሐፉ ሁሉ የጠለቀው ነው፤ አንባቢውም በእጁ ያለው ቃል ብቻ ስለሆነ ከሜግ ጋር ይቸገራል። በኮሚክ ግን ማየትን የማያውቁ ፍጡራንን እኛ እያየን ነው፤ የሜግ ችግር የእኛ መሆኑ ይቀራል። ላርሰን ንግግሩን ሳትቀንስ ማስቀመጧ እዚህ አልረዳትም፤ ይልቁንም በድፍረት ሥዕሉን ቀንሳ፣ ምናልባትም ጥቂት ገጾችን ባዶ ጥቁር አድርጋ ብትተው ኖሮ ወደ ደራሲዋ ሐሳብ ትቀርብ ነበር። ታማኝነት ሲባል ቃሉን መጠበቅ ብቻ ከሆነ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ይሰናከላል። በተመሳሳይ ምክንያት ወይዘሮ ሁ በላቲን፣ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ከነትርጉማቸው የምትጠቅሳቸው አባባሎች የንግግሩን ቦታ ያጣብባሉ፤ ግማሹ ቢቀር ማንም አይጎዳም ነበር።

መጽሐፉ በ2013 ለወጣቶች በሚታተሙ ኮሚኮች ዘርፍ፣ በአሜሪካ ለኮሚክ ሥራዎች የሚሰጠውን የአይዝነር ሽልማት አግኝቷል፤ ከላይ ያነሣኋቸውን ነቀፋዎች ይዤም ሽልማቱ የተገባ ነው እላለሁ። ዕድሜያቸው ከዘጠኝ ወይም ከዐሥር ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ይመቻል። በተለይ እንግሊዝኛን ከቤት ውጭ የሚማሩ ልጆች፣ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን አካባቢ፣ የልቦለዱ ረጃጅም አንቀጾች ከሚያስጨንቋቸው ይልቅ በዚህ ቢጀምሩ ሙሉውን ታሪክ ከነንግግሩ ያገኙታል፤ ከተቆራረጡት እትሞች ይህን ማግኘት አይችሉም። ወላጅ አብሮ የሚያነብ ከሆነ ግን ሜግ ከዐይነ ስውራኑ ፍጡራን ጋር ያለችበትን ምዕራፍ ከልቦለዱ ጮክ ብሎ ቢያነብላቸው እመክራለሁ። ጠንካራ ሽፋን ያለው እትም ለትንሽ እጅ ይከብዳል፤ ለስላሳ ሽፋን ያለውም ስላለ ለልጅ የሚገዛ ሰው እሱን ቢመርጥ ይሻላል።